ከየት ተነስተን?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የምንጠቁመው በምልክት ነው። «ከታክሲ ስትወርጂ መስጊዱን በግራ ትተሽ ሦስተኛው ቅያስ፣ ሰማያዊ በር» እንላለን። ይሄ የሚሠራው ግን የት ፌርማታ እንደምትወርድ ከተስማማን ነው። ሌላ ፌርማታ የወረደች ልጅ አንድም ቃል ሳትስት ሄዳ የማታውቀውን ሰው በር ታንኳኳለች።

ፋይልም እንደዚሁ ነው። አንዱ አጠራር ሙሉ አድራሻ ነው፦ ከሲ ድራይቭ ይነሳና ዩዘርስ፣ የኮምፒውተሩ ባለቤት ስም፣ ዴስክቶፕ እያለ ፋይሉ ጋ ይደርሳል። ሌላው አንጻራዊ ነው፦ «ካለህበት ፎልደር አንድ ደረጃ ውጣ፣ ከዚያ ፎንት የሚለው ውስጥ ግባ።» «ውጣ» የሚባለው በሁለት ነጥብ ነው።

አንድ ጊዜ የተማሪዎችን ካርድ የሚያትም ፕሮግራም እንዳይ አንድ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። የሠራው ሰው ከሀገር ወጥቷል። ቢሮው አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ ፕሮግራሙን በፍላሽ ገልብጦበታል። ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ወላጆች በማግስቱ ይመጣሉ። ካርዱ ሲታተም ውጤቱ ልክ ነው፤ ስሞቹ ግን በሙሉ ባዶ ሳጥን። ደረጃ አለ፣ ተማሪ የለም። «ልጄ፣ በእጃችን እንጻፈው ይሆን?» አሉኝ ጸሐፊዋ።

ሴቲንጉን ስከፍት የአማርኛው ፎንት አድራሻ ውስጥ የሄደው ሰው ስም ቁጭ ብሏል። ፕሮግራሙ የእሱን ዴስክቶፕ እየፈለገ ነበር። ሲያጣው ሌላ ፎንት አነሳ፣ ያ ደግሞ ፊደል አልቆጠረም። የሚገርመው፣ ትክክለኛው ፎንት ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ተገልብጦ እዚያው አጠገቡ ነበር።

«አንጻራዊ አርገው፣ አለቀ» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አላለቀም። ፓይተን ለምሳሌ ፋይል ሲከፍት አንጻራዊውን አድራሻ የሚቆጥረው ኮዱ ከተቀመጠበት ፎልደር ሳይሆን ፕሮግራሙ ከተነሳበት ነው። ከፕሮጀክቱ ውስጥ ስታስነሱት ይሠራል፤ ከሌላ ፎልደር ስታስነሱት ያው ፋይል «የለም» ይላችኋል። የፌርማታው ነገር ነው።

ጃንጎ አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጥርላችሁ ሴቲንጉ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ይሰጣችኋል። መስመሩ የሴቲንግ ፋይሉ ራሱ የት እንዳለ ይጠይቅና ከዚያ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ይቆጥራል። የፕሮጀክቱ መነሻ እሱ ይሆናል፣ ሌላውን ሁሉ ከእሱ መቁጠር ትችላላችሁ። ፎልደሩን የትም ውሰዱት፣ ፌርማታው አብሮ ይሄዳል። ለካርዱም ያደረግኩት ይሄንኑ ነው፤ ሳጥኖቹ ስም ሆኑ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። የፎልደሩን ስም ቀይሩ፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ገልብጡት፣ ከሌላ ቦታ አስነሱት። ከዚያ በፊት ግን ሴቲንጉ ውስጥ የራሳችሁን ስም ፈልጉ። ካገኛችሁት ፕሮግራሙ ገና ከእናንተ ቤት አልወጣም።