ሳቅ በረሃ ይውረድ

መተማን የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በለቅሶዋ ነው የሚያውቃት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያ ነው፤ የጠረፏ ከተማ እስከ ዛሬ በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ጎረቤቷ ቋራ ደግሞ መቅደላ ላይ ሽጉጡን የጠጣውን መይሳው ካሳን፣ አፄ ቴዎድሮስን፣ ወለደች። ሁለት ንጉሠ ነገሥት፣ ሁለት መራራ አሟሟት፣ ከአንድ ቆላ ጋር የተያያዙ። ጸሐፌ ተውኔቶቻችን ወደ ምዕራብ ጎንደር ባዩ ቁጥር ሰይፍና እንባ ብቻ ቢታያቸው አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ አሳቂ ማውራት አምሮኛል።

የዘመናዊ ቴአትራችን በኩር ልጅ እኮ ኮሜዲ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ለመድረክ አበቁ። አውሬዎቹ ሲናገሩ ሹማምንቱ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙና ነገሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው ደግሞ በተራቸው ብዕር ሲያነሱ «ቴዎድሮስ»ን ጻፉ። አባት አሳቀ፣ ተከለከለ፤ ልጅ የቋራውን ጀግና አነሣ፣ ተወደደ። ከዚያ ወዲህ ቆላው በመድረካችን ላይ በቁም ነገር ብቻ ሲታይ ኖረ። አጋጣሚ ነው ቢሉኝ አልከራከርም፤ ግን ያስቆጨኛል።

አሳቂዬ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው፤ አገር ሁሉ አባባ ተስፋዬ ያላቸው። የተወለዱት ከመተማ እጅግ በራቀው ባሌ፣ በ1915 ዓ.ም. ነው። መድረክ ላይ የወጡት ሴት ልጅ ለትወና በማትታሰብበት ዘመን ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ቀሚሱን የሚለብሱት እሳቸው ነበሩ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አንየው። በዚያ ዘመን አዝማሪ እንኳ በንቀት ይታይ ነበር፤ ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲሽኮረመም ምን ይባል እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ጀግና ሆኖ የሚተውን ሰው ከመድረክ ሲወርድ ክብሩ አብሮት ይወርዳል። አሳቂ ግን ክብሩን ከመጋረጃው ጀርባ አስቀምጦ ነው የሚወጣው። ተመልሶ ቢያጣውስ? ይህን ድፍረት ከጦር ሜዳ ድፍረት የማሳንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ጦር ሜዳ ካልን፣ አባባ ተስፋዬ እዚያም ደርሰዋል። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በዘመተ ጊዜ ወታደሩን ለማዝናናት እሳቸውም ባሕር ተሻግረዋል። አስቡት፤ በረዶ አይቶ የማያውቅ የአበሻ ወታደር፣ ስማቸውን አጥርቶ በማይጠራቸው ተራሮች መካከል፣ አገሩን ናፍቆ ተቀምጧል። ስንቅ ደርሶታል፣ ጥይት ደርሶታል። ከዚያ ደግሞ የሚያስቀው ሰው ደረሰለት። ያንን ውሳኔ የወሰነው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ሰው በስንቅና በጥይት ብቻ እንደማይዋጋ ገብቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢዬ ያውቀዋል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር «የልጆች ጊዜ» ፕሮግራምን ያዙ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት እያወሩ፣ እየዘፈኑ፣ ምትሃት እያሳዩ ቆዩ። የዛሬ አበባ የነገ ፍሬ እያሉ ያሳደጓቸው ልጆች የልጅ ልጅ አይተዋል። በ1998 ዓ.ም. ፕሮግራሙ አበቃ፤ እሳቸውም ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከመተማ ጋር ምን አገናኘው?

ክረምት ሲገባ ከደጋው ወደዚህ ቆላ የሚወርደውን ሰው ያየ ይህን የሚጠይቀኝ አይመስለኝም። የሰሊጥ አረሙ ሲደርስ፣ ኋላም አጨዳው ሲከተል፣ ወጣቱ ከየወረዳው በገፍ ይወርዳል፤ ወባና ካላዛር የሚጠብቁት መሆኑን እያወቀ። ቀን ጎንበስ ብሎ ይውላል፣ ማታ ዳስ ውስጥ ወይም ዛፍ ሥር ይተኛል። አገሩ ውስጥ ሆኖ አገሩን የናፈቀ ሰው ነው። እዚያ ዳስ ውስጥ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ጎበዝ አይጠፋም፤ የሥራ አለቃውን የካቦውን አካሄድ፣ ባለእርሻውን ሒሳብ ሲያሳስብ፣ የጠረፉን ነጋዴ አረብኛ ከነድምፁ የሚያስመስል። ካቦው ከጀርባው ቆሞ ሲሰማ እንኳ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል። ይህ ልጅ ደመወዝ የለውም፣ ስሙም በማስታወቂያ አይለጠፍም። ለኔ ግን የአባባ ተስፋዬ የሥራ ባልደረባ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ ሳቅም ነበር። የአለባቸው ተካና የልመንህ ታደሰ፣ የደረጀ ኃይሌና የሀብቴ ምትኩ ቀልዶች በካሴት ሆነው በየአውቶቡሱና በየጭነት መኪናው ተጉዘዋል። ካሴት ግን አያይህም። ቀልደኛ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ በሙቀቱ አብሮህ አልቦ፣ አንተን አይቶ ሲቀልድ ሌላ ነው። በዚያ ላይ ቆላው የብዙ ቋንቋ አገር ነው፤ አማርኛው፣ ጉሙዝኛው፣ ትግርኛው፣ አረብኛው ይደባለቃል። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ልጆች በመተማ በኩል ገብተዋል። ለነዚህ ሁሉ የቃል ቀልድ ብቻ አይበቃም። አባባ ተስፋዬ ያወቁበት ምትሃት፣ የፊት ጨዋታ፣ የእንስሳ ድምፅ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ስለዚህ አቤቱታዬ ለብሔራዊ ቴአትር፣ ለክልሉ የባህል ሰዎችና ለቀልደኞቻችን ነው። ከሰባ ዓመት ገደማ በፊት አሳቂ ኮሪያ ድረስ የላከች አገር፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ አንድ የኮሜዲ ቡድን በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ መላክ አያቅታትም። መጋረጃ አታምጡ፣ ሜዳው ይበቃል። ስትመጡ ግን ያንን ካቦውን የሚያስመስል ልጅ ፈልጉትና መድረኩን ለአንድ ምሽት ልቀቁለት።