ወፍራም ድምፅ ሁሉ ጥሩ ድምፅ አይደለም

ዛሬ ስለ ማይክ ትንሽ ላውራችሁ።

እዚህ ድሬ ማይክ የማይገባበት ቦታ የለም። ሠርጉ፣ የለቅሶ ድንኳኑ፣ የእድር ስብሰባው፣ ቀፊራ ገበያ ዳር ዕቃውን የሚያስተዋውቀው ልጅ፣ የጥበቃዎቹ የእጅ ሬዲዮ፤ ሁሉም ጋ ማይክ አለ። ሁሉም ጋ ደግሞ አንድ በሽታ አለ፦ ቤዝ ይበዛል። ድምፁ ደረት ይመታል፣ ቃሉ ግን ጆሮ አይደርስም።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። መጋዘን ጥበቃ ነው የሚሠራው። «ቲቸር፣ በሬዲዮ ሳወራ በርሜል ውስጥ ያለሁ ይመስላል ይሉኛል። አሥር ጊዜ ‹ድገም! ድገም!› ነው። አለቃዬም ‹አፍህን ከፍተህ አውራ› እያለ ሰው ፊት ይቆጣኛል። ከኪሴ ሌላ ሬዲዮ ልግዛ ወይ?» አለኝ። «የለም አቦ፣ ገንዘብህን ያዝ» አልኩት። ይሄ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያነብ ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። አፉ ምንም አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንግግር ጉልበቱ ያለው ታች ነው፤ የወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ላይ ይገኛሉ። የድሮው የቤት ስልክ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። ታዲያ በዚያ ስልክ እናቱ ያለችውን መስማት ያቃተው ማን ነው? ቤዙ ተቆርጦም ቃሉ ይገባል። ላይኛው ከተቆረጠ ግን አለቀ።

በአማርኛ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። «መጣ» እና «መታ»፣ «ጠፋ» እና «ተፋ» የሚለዩት በአንዲት አጭር ፍንዳታ ነው። ቤዝ ሲሸፍናት ሁለቱ ቃል አንድ ይሆናል። ጥበቃው «ሰውዬው መጣ» ሲል ሌላው «ሰውዬው መታ» ብሎ ከሰማ ዱላ ይዞ ነው የሚሮጠው።

በሬዲዮ ሲሆን ሌላም ጣጣ አለ። ማሰራጫው የሚሸከመው የድምፅ መጠን ገደብ አለው። ባጃጅ በሉት። ቤዝ እንደ ጆንያ ወንበሩን ከያዘው፣ ተሳፋሪው ቃል መንገድ ላይ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌሮች በ27 ሜጋኸርዝ የሚያወሩበት ሲቢ የሚባል ሬዲዮ አለ፤ እዚያም ድምፄ ይወፍር ብሎ ቤዝ የሚያበዛ ሰው ርቀት ላይ አይሰማም።

መፍትሔው ከቀላሉ ይጀምራል።

የእጅ ሬዲዮ ከሆነ መጀመሪያ የማይኩን ቀዳዳ እዩት። የድሬ አቧራ ከላብ ጋር ተለውሶ ይደፍነዋል። የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ አስቀርቶ ወፍራሙን ነው የሚያሳልፈው። ሬዲዮውን አጥፍታችሁ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። መርፌ አታስገቡ፣ ማይኩን ይበሳዋል። ስታወሩ ከከንፈር ሦስት አራት ጣት አርቁት፣ ትንፋሻችሁ ቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። አትጩኹ።

የመድረክ ማይክ ከሆነ፣ አብዛኛው ከፊት ያለውን ድምፅ ብቻ እንዲቀበል የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ማይክ አፍ ላይ ሲለጠፍ ቤዙ በራሱ ይጨምራል። ስለዚህ አራቁት፤ ራሱን በእጃችሁ አትጨብጡት፣ ድምፁን ያፍነዋል፣ ሞንታርቦውንም ያስጮኸዋል። ሚክሰሩ ላይ የታችኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ ካለ (ብዙ ጊዜ 80 ወይም 100 ኸርዝ ላይ ነው) ለንግግር ሁሌም ይከፈት። አሁንም ካጉረመረመ 250 ኸርዝ አካባቢ ቀንሱ። ትሬብል ለመጨመር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የበዛውን መቀነስ ነው።

ብየዳ የምትችሉ ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት፦ በማይኩና በማጉያው መካከል በተከታታይ የሚገባ ካፓሲተር ቤዝ ይቆርጣል። ማጉያው 600 ኦም ከሆነ፣ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ265 ኸርዝ በታች ያለውን እየቀነሰ ይሄዳል። ካፓሲተሩ ባነሰ ቁጥር ቤዙ የበለጠ ይቀንሳል። ማይኩ ኤሌክትሬት ከሆነ የሚመገበው ዲሲ እንዳይቋረጥ ካፓሲተሩን ከመመገቢያው ቀጥሎ አስገቡት። የመሥሪያ ቤት ሬዲዮ ግን አትፍቱ፣ የእናንተ አይደለም።

«ቲቸር፣ ለማይክ ይሄ ሁሉ ሐተታ?» የሚል አይጠፋም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ብዙው ሰው ተኝቶ ነበር። ዝናቡ የዘነበው ከበላያችን፣ ደጋው ላይ ነው። ጎርፍ እኛ ጋ እንዲህ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ይመጣል። እንዲህ ባለ ከተማ «ውጡ!» የምትል አንዲት ቃል ከውሃው ቀድማ፣ ጥርት ብላ መድረስ አለባት። ያን ጊዜ «ድገም» ለማለት ፋታ የለም።

ተማሪዬ ቀዳዳውን ጠረገ፣ ሬዲዮውን ከአፉ አራቀ። አንድ ሳንቲም አላወጣም። «ቲቸር፣ አለቃዬ ዛሬ ‹ገባኝ› አለ» ብሎ ጻፈልኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ማይክ ስትሞክሩ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይቅር። «ሄሎ» በተበላሸ ማይክም ይሰማል። ይልቅ አንድ ሰው ድንኳኑ መጨረሻ ላይ አቁሙና «መጣ፣ መታ፣ ጠፋ፣ ተፋ» በሉ፤ ቅደም ተከተሉን እየቀያየራችሁ። እሱ የሰማውን ይድገምላችሁ። ከለየ ማይካችሁ ደህና ነው። ካልለየ ቤዙን ቀንሱ። የእድር ዳኞችና ሞንታርቦ አከራዮች እንዲያዩት ሼር አድርጉልኝ።