ከቅበላ በኋላ

የጾም ዋዜማ በእንግሊዝ አገርም የራሱ ልማድ አለው። በእነርሱ ዘንድ ዐቢይ ጾም የሚገባው ረቡዕ ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለውን ማክሰኞ በየቤቱ ፓንኬክ በመጋገር ያከብሩታል። ፓንኬክ ማለት ዱቄት በወተትና በእንቁላል በጥብጠው፣ በመጥበሻ ላይ በቅቤ የሚጋግሩት፣ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ ጨምረው የሚበሉት ስስ ቂጣ ነው። በቀድሞ ዘመን እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ በጾም አይበሉም ነበርና፣ የቤት እመቤቶች በጓዳቸው የተረፈውን በዚያ ቀን ይጨርሱት ነበር። ይህም እኛ ቅበላ ከምንለው ጋራ አንድ ነው።

ቀኑ ግን የመብል ቀን ብቻ አልነበረም። እንግሊዝኛ ስሙ ኃጢአትን ተናዝዞ ሥርየት ከመቀበል ጋራ የተያያዘ ነው፤ ሕዝቡን ለንስሐ ለመጥራትም ደወል ይደወል ነበር። ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ እንደሚተረከው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1445 ዓ.ም. አንዲት ሴት ፓንኬክ ስትጋግር ደወሉን ሰምታ፣ እንዳይረፍድባት መጥበሻዋን እንደ ያዘች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። ዛሬም የከተማይቱ ሴቶች ሽርጥ ታጥቀውና ሻሽ አስረው፣ መጥበሻ በእጃቸው ይዘው፣ ከገበያው አደባባይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ 415 ያርድ፣ ማለት 380 ሜትር ያህል ይሽቀዳደማሉ።

በሎንዶን ስንኖር ይህን ሁሉ ያወቅነው፣ ልጃችን «እማማ» እያለች ከምትጠራቸው አረጋዊት ጎረቤታችን ነው። በ2016 ዓ.ም. የእኛ ጾም ገና ስላልገባ፣ ልጃችን ከእርሳቸው ጋራ ጋግራ በልታ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን የሁለታችንም ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። የእኛ ጾም 55 ቀን ነውና ቀድሞ የካቲት 17 ቀን ገባ፤ የእነርሱ ማክሰኞ በቅድስት ሳምንት ላይ ዋለ። ልጃችንም ሄዳ መጋገሩን አገዘች፤ አልቀመሰችም።

ማታ ልንወስዳት ስንሄድ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ንግግራቸውን ሰማን። «እማማ፣ ነገ ጾምዎ ሲገባ ምን ይተዋሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «አያቴ ጾሙ እስኪፈታ ሥጋ አይቀምሱም ነበር፤ እናቴ ጣፋጭ ብቻ ይተዉ ነበር፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን ይህ ፓንኬክ ነው» አሉ። ልጃችንም እንደ ማጽናናት አድርጋ፣ «በእኛም ቤት እንደዚሁ ነው፤ አዲስ አበባ ያሉት አያቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ አባባና እማዬ ግን ጠዋት ጠዋት ወተት ያለበት ሻይ ይጠጣሉ» አለች።

እኛ በደጃፉ ቆመን አፈርን። የቅበላ ዕለት ዶሮ ሠርተን፣ ወዳጆቻችንን ጠርተን፣ እስከ እኩለ ሌሊት ተጫውተን ነበር። በማግሥቱ ግን ሥራው ይከብዳል፣ ብርዱ ይጸናል እያልን ጾሙን ለልጅና ለአያት ትተናል። እንግሊዞቹ በሦስት ትውልድ የደረሱበት ቦታ ለመድረስ እኛ አንድ ትውልድ ብቻ ቀርቶን ነበር።

ይሁን እንጂ ከእነዚሁ ሰዎች ሌላም ነገር ተምረናል። በእነርሱ ጾም አራተኛው እሑድ የእናቶች እሑድ ይባላል። በጥንት ጊዜ ምእመናን በዚያ ቀን ወደ እናት ቤተ ክርስቲያናቸው ይሄዱ ነበር፤ በኋላም በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች ፈቃድ እየተሰጣቸው፣ ከመንገድ ዳር አበባ እየለቀሙ ወደ እናቶቻቸው ይመለሱ ነበር። ልማዱ እየደከመ ሄዶ ሊረሳ ሲቃረብ፣ ኮንስታንስ አደሌድ ስሚዝ የተባሉ ሴት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ እርሱ በመጻፍና በመቀስቀስ እንዲታደስ ደክመዋል። ዛሬ በዚያ እሑድ አበባ ያልያዘ ልጅ ማየት ያስቸግራል። የተተወ ልማድ፣ አንድ ሰው እንኳ ከልቡ ከተነሣለት፣ ይመለሳል ማለት ነው።

በዚያች ማክሰኞ ማታ ወተቱን ለጎረቤታችን ሰጠን። እርሳቸውም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሉን። መጋቢት 21 ቀን፣ የእናቶች እሑድ በዋለ ጊዜ፣ ልጃችን አበባ ይዛላቸው ሄደች። በፋሲካም ዕለት ከእኛ ማዕድ ተቀምጠው ዶሮውን አብረውን በሉ። በዚያን ዕለት ዶሮው ከቅበላው ይልቅ ጣፈጠን።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ በባዕድ አገርም ሆነ በአገር ቤት፣ ልጆቻችን የሚወርሱት ከእኛ ያዩትን ነው። ቅበላውን ስናሳያቸው፣ ማግሥቱንም እናሳያቸው።