ድኛለሁ፤ መሣሪያው አዳነኝ ብዬ ግን አልመሰክርም

እግሬ ድኗል። ያለ ክራንች እሄዳለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ስብራቱ ላይ በየቀኑ ለሰዓታት አስሬው የነበረውን የኤሌክትሮማግኔት መሣሪያ ግን «አዳነኝ» ብዬ አልመሰክርለትም። ይህን ስል የሚቀየሙኝ ወዳጆች አሉኝ። እዚህ አቋም ላይ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በመኪና አደጋ የቅልጥም አጥንቴ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ብረት ገባልኝ። ቁስሉ ደረቀ፤ አጥንቱ ግን አልያዘም። ወራት አልፈው እንኳ ራጅ በተነሣሁ ቁጥር ያው ክፍተት ይታያል። ሥራ ፈትቼ ቤት ዋልኩ። የምረዳቸውን ሰዎች ስልክ ማንሣት ፈራሁ። እናቴ ከደብረ ብርሃን እየደወለች «ልጄ፣ እዚህ ብትሆኚ ኖሮ ወጌሻው አሽቶ ያስይዝልሽ ነበር» ትለኛለች። ሌሊት ሌሊት እግሬ ከነጭራሹ ይቆረጥ ይሆን እያልኩ አለቅስ ነበር።

ሐኪሜ ወደ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከመሄዳችን በፊት አንድ መሣሪያ እንድሞክር አዘዘልኝ። በባትሪ የሚሠራ፣ ውስጡ ጥቅል ሽቦ ያለበት፣ ከስብራቱ ላይ የሚታሰር ነገር ነው። አያሞቅም፤ አይነዝርም። መሥራቱን የማውቀው በመብራቱ ብቻ ነበር። ምንም የማይሰማ ነገር አጥንትን እንዴት ያስይዛል? ይህን ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ።

ያነበብኩት አስደነቀኝ። ሰውነታችን ራሱ የኤሌክትሪክ ቤት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በሽፋኑ ግራና ቀኝ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይይዛል፤ በነርቭ ሕዋስ ላይ ይህ ልዩነት ወደ 70 ሚሊቮልት ይጠጋል። ቆዳ ሲቆረጥ ከቁስሉ ደካማ ጅረት ይፈስሳል። ጀርመናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገዛ ጣቱን ቆርጦ ይህን ጅረት ለክቶታል። ሚን ዣኦና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕዋሳት ይህን ምልክት ተከትለው ወደ ቁስሉ እንደሚጓዙ፣ በዚህ ውስጥ የሚሳተፉትን ጂኖችም ጭምር አሳዩ። አጥንትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጃፓናውያኑ ፉካዳና ያሱዳ እ.ኤ.አ. በ1957 አጥንት ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አስታወቁ።

መሣሪያው የተወለደው ከዚህ ስለ አጥንት ኤሌክትሪክ ከተገኘው ዕውቀት ነው። በሽቦው ውስጥ የሚቆራረጥ ጅረት ሲያልፍ የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ ይፈጠራል፤ የሚለዋወጥ መስክ ደግሞ በአጥንቱ ውስጥ በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። በቤተ ሙከራ እንደታየው ይህ ኤሌክትሪክ በሕዋሳት ውስጥ የካልሲየምን እንቅስቃሴና የአጥንት ማደጊያ ፕሮቲኖችን መመረት ይነካል። በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አንድሩ ባሴት ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመ፤ በ1979 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አልያዝ ላለ አጥንት እንዲውል ፈቀደ።

ከጊዜ በኋላ በራጁ ላይ አዲስ አጥንት ታየ። እናቴ ስለቷን ልታስገባ ተዘጋጀች። የአክስቴ ልጅ መሣሪያውን አመሰገነ። ስልኬም አላርፍ አለ፤ አንዷ ለእናቷ የስኳር ቁስል፣ ሌላው ለወንድሙ ኩላሊት «ያንን ማሽን» ፈለጉ። የማግኔት አምባር የሚሸጥ አንድ ሰው ደግሞ በቪዲዮ እንድመሰክርለት ጠየቀኝ። የኔ ቃል እንደሚታመን አውቃለሁ፤ ወድቄ ያዩኝ ሰዎች ስራመድም አይተውኛል። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ሐኪሜን ላመሰግን ስሄድ ደስታዬን ተካፈለ። ቀጥሎም መሣሪያውን ባላስረው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሁለታችንም እንደማናውቅ ነገረኝ፤ ሁለት ጥናቶችንም ጠቆመኝ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ ሼፊልድ የተደረገ ነው። የቅልጥም አጥንታቸው ካልያዘ ሰዎች ለ9ኙ የሚሠራ፣ ለ7ቱ ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ የማይሠራ መሣሪያ ተሰጠ። ከ9ኙ 5ቱ፣ ከ7ቱም 5ቱ ዳኑ። ሁሉም እግራቸው ታስሮ ክብደት እንዳይጥሉበት ተደርገው ነበርና ዕረፍቱና ጊዜው ራሱ መድኃኒት ሳይሆን አልቀረም። ሁለተኛው ሻራርድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ጥናት ነው፤ በአጥንት ሐኪም ግምገማ የሚሠራው ከተሰጣቸው 20 ሰዎች 9ኙ፣ የማይሠራው ከተሰጣቸው 25 ሰዎች ግን 3ቱ ብቻ ዳኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ አምስት እንዲህ ያሉ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመዘኑ ኤሌክትሪክ አጥንት ሳይዝ የመቅረትን ዕድል በሦስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ በሰዎቹ የዕለት እንቅስቃሴ ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም።

የተማርኩት ይህን ነው። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ሕይወቴም አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነው። በአንድ በኩል አስሬ፣ በሌላ በኩል ሳላስር ልኖረው አልችልም። መሣሪያው ረድቶኝ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ፣ ዕረፍቱና ጊዜውም እንዲሁ። የእናቴ ምስጋና የእምነት ነው፤ አከብረዋለሁ፣ አብሬያትም አመሰግናለሁ። መሣሪያ ግን የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ የሚሸጥ ዕቃ መፈተን አለበት። ፈተናውም ከማይሠራ መሰሉ ጋር፣ በብዙ ሰው ላይ፣ ማን የትኛውን እንደያዘ ሳይታወቅ የሚደረግ ነው።

ለአምባር ሻጩ እንቢ አልኩት። የአምባር ማግኔት የማይለዋወጥ ነው፤ ለስብራት የሚታዘዘው መሣሪያ ከሚሠራበት መንገድ ጋር አይገናኝም። የኤምአርአይ ማሽን እንኳ በተለምዶ 1.5 ቴስላ፣ ከምድር ማግኔት 30 ሺህ እጥፍ ገደማ የሚሆን መስክ እያለው፣ ሰው ምርመራውን ጨርሶ ሲወጣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ አይለቀውም።

አጥንታችሁ አልይዝ ካለ ከስልክ ማስታወቂያ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሲጋራ ካለ ተዉ፤ ስኳር ካለ ተቆጣጠሩ፤ ሁለቱም የአጥንትን መዳን ያዘገያሉ። መሣሪያ ከታዘዘላችሁ «ከማይሠራው ጋር ተወዳድሮ ምን አሳየ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ ካላችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ። ስትድኑ አመስግኑ። ስትመሰክሩ ግን ቃላችሁን ሰምቶ የመጨረሻ ገንዘቡን የሚያወጣ በሽተኛ እንዳለ አስቡና የምታውቁትን ብቻ ተናገሩ።