ቆመህ ጠብቀኝ

ጠመንጃው የመጣው በካርቶን ነው። ዕቃ አድራሹ በሩ ላይ አስቀምጦት ሄደ። ውስጡ አንድ ረጅም የሜፕል እንጨት፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ባለ ስምንት ጎን አፈሙዝ፣ በላስቲክ የታሸጉ የናስ ቁርጥራጮች፣ ብሎኖች፣ ሞላዎች፣ ምናምን። ፈቃድ የጠየቀኝ የለም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በአፉ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ቅጂ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚታየው። (የየስቴቱ ሕግ ይለያያል፤ ይሄን አንብባችሁ ነገ እንዳታዙ።)

የምኖረው ፔንስልቬንያ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ አገሩም እዚሁ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመን የመጡ ጠመንጃ ሠሪዎች አጭርና ወፍራም የነበረውን የአገራቸውን የአደን ጠመንጃ ላንካስተር አካባቢ አስረዘሙት፣ አቀጠኑት። ጄኮብ ዲከርት ከነሱ አንዱ ነው፤ በልጅነቱ ከጀርመን መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1822 ሞተ፣ ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። ጠመንጃውን ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው “ኬንታኪ” ብሎ ነው። የሠራው አንድ፣ የተጠራበት ሌላ። እኛም አገር ያለ ነገር ነው።

እዚህ ስቴት ከፈረንጅ ገና ማግሥት ጀምሮ በባልጩት በሚተኩስ ጠመንጃ ብቻ አጋዘን የሚታደንበት ወቅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ነው የተጀመረው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በየዓመቱ ይሄዳል። የኦንላይን ስብሰባ ላይ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁትና ጠየቅኩት። የስብሰባው አጀንዳ ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቃታው መንጋጋ አለው፤ መንጋጋው ባልጩት ነክሷል። ምላጩን ስትስቡ ሞላው ቃታውን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ባልጩቱም ፊት ለፊቱ የቆመውን የብረት ሳንቃ ከላይ ወደ ታች ይፍቀዋል። ብዙ ሰው እሳቱ ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስለዋል። የሚነደው ብረቱ ነው። ባልጩቱ ከብረቱ ላይ እንደ አቧራ የደቀቀ ፍቅፋቂ ይልጣል፣ ፍቅፋቂው ከመጋሉ የተነሳ አየር ላይ ይቀጣጠላል። በዚያው ቅጽበት ሳንቃው ተገፍቶ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ገንዳ ይከፍታል፤ እዚያ ውስጥ ጭብጥ የማትሞላ የደቀቀ ባሩድ አለች። ብልጭታው እሷ ላይ ይወድቃል። ነበልባሏ በአፈሙዙ ጎን ባለች አንድ ሚሊሜትር ተኩል በምትሆን ቀዳዳ ገብታ ዋናውን ባሩድ ታገኘዋለች። ጠመንጃው በደንብ ካልተስተካከለ ሁለቱን ድምፅ ለይታችሁ ትሰማላችሁ፦ ቺስ፣ ከዚያ ዷ። በሁለቱ መካከል፣ ጉንጫችሁ አጠገብ እሳት እየነደደ፣ ሳትነቃነቁ ዓላማችሁ ላይ መቆየት አለባችሁ።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ነገር አደገኛ ነው፤ ልብ ይሰርቃል። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊቱ ያለውን ይጠብቃል፣ አንዱ ከሳተ ሁሉም ዝም ይላል። ደግሞ ሙያችን ከዚህ ዕቃ ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1785 ቶማስ ጀፈርሰን በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ ሳለ ኦኖሬ ብላን የሚባል ሰው ዎርክሾፕ ሄደ። ብላን የሃምሳ ጠመንጃ ማቀጣጠያ ፈታትቶ ክፍሎቹን በየዓይነታቸው አስቀምጦ ጠበቀው። ጀፈርሰን በራሱ እጅ እንደመጣለት እያነሳ የተወሰኑትን ገጣጠመ። ገጠሙ። ያኔ የአንዱ ጠመንጃ ብሎን ለሌላው ጠመንጃ አይሆንም ነበር፤ ሁሉም በሞረድ እየተሞረደ ለወንድሙ ብቻ ይሠራ ነበር። አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያየው መግጠም፣ እኔ የምበላበት እንጀራ ይሄው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን እንጨት የጠረበውም በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ነው፤ ቅርጹን አብዛኛውን ጨርሶት መጥቷል። ለኔ የቀረኝ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ነገር ስል ወራት ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ።

ጎጃም ነው ያደግኩት። አያቴ ከጣልያን ጊዜ የተረፈ ምንሽር ነበራቸው፣ ለአባቴ አወረሷቸው። እኔ የማውቀው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነው። ለሠርግ ይወርዳል፣ ለለቅሶ ይወርዳል። ሲተኮስበት የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ግን አባቴ ገበያ ሲወጡ ትከሻቸው ላይ ከሌለ ሰዉ “ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?” ይል ነበር። ባሕር ዳር ፖሊ ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ላፕቶፕ አልነበረኝም፤ የዶርም ጓደኛዬ ሲተኛ የሱን ተውሼ ሌሊት ነበር የምሠራው። አንድ ቅዳሜ አባቴ ጊቢው በር ድረስ መጡና በፌስታል የተጠቀለለ ብር ሰጡኝ። ሻይ እንጠጣ ብላቸው መኪና ያመልጠኛል ብለው ተመለሱ። ክረምት ቤት ስገባ ምሰሶው ላይ ሚስማሩ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ነው የገዛቸው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። በዚያ ላፕቶፕ ተመረቅኩ፣ በዚያ ላፕቶፕ የማስተርስ ማመልከቻዬን ጻፍኩ።

ባልደረቦቼ ለምን እንደምሠራው ሲጠይቁኝ “ሆቢ ነው” እላለሁ። እናቴ ካርቶኑን በቪዲዮ ስታየው ግን እንደዚያ ብዬ አላመለጥኳትም። “በሰው አገር ጠመንጃ? ያውም አንተ፣ ጥቁሩ ልጅ?” አለች። እውነቷን ነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጠመንጃ ይዞ ከመኪና ወደ አፓርትመንት የሚሄድ ጥቁር ሰው በዚህ አገር ብዙ ነገር ያስባል። በሳጥኑ ቆልፌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለጎረቤት ሰላምታ እየሰጠሁ ነው የምወስደው። አባቴ በበኩላቸው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አይተው ሳቁ፦ “ይሄማ ቆመህ ጠብቀኝ ነው!”

ቆመህ ጠብቀኝ። አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ ድረስ ጠላቱን ቆመህ ጠብቀኝ ይለዋል እንደማለት ነው። ቀልዱ የሚያም ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ወደ መቅደላ ይዘውት የመጡት ስናይደር የሚባል ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር፤ “ሰናድር” የሚለው ቃላችን ከሱ ነው የመጣው። በደቂቃ አሥር ያህል ይተኩሳል። በአፉ የሚጎርስ የያዘ ሰው በዚያች ደቂቃ ሁለቴ ሦስቴ ከቀናው ጎበዝ ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ እየጎሰጎሰ ነው።

ሥራው ላይ እንመለስ። ብረቱን እንጨቱ ውስጥ ማስቀመጥ የሚባለው ነገር በጥላሸት ነው የሚሠራው። ብረቱን ስስ አድርጋችሁ ጥላሸት ትቀቡታላችሁ፣ ቦታው ላይ ትጫኑታላችሁ፣ ታነሱታላችሁ። እንጨቱ ላይ የጠቆረው ቦታ ብረቱ የሚነካበት ነው፤ እሱን ብቻ በመሮ ትፍቃላችሁ። ከዚያ እንደገና። ሃምሳ ጊዜ፣ ስልሳ ጊዜ። ኮድ ላይ ያጠፋሁትን መስመር እመልሰዋለሁ፤ ከእንጨት የተፋቀ አይመለስም፣ ስለዚህ እጅ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እናቴ ምጣዱ ሥር የምትጠርገው ጥላሸት ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነበር እያልኩ የሻማ ጥላሸት እጠቀም ነበር።

እንዲህ እያልኩ የ2015 ዓ.ም ክረምት መጣ። አማራ ክልል ውስጥ ውጊያው ተስፋፋ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ወደ እኛ ቀበሌ የስልክ መስመርም አልነበረም። ስደውል ያቺ ሴትዮ “የደወሉላቸው ደንበኛ…” ትላለች። ቀን ሥራዬን እሠራለሁ፣ ማታ ዜና እከፍታለሁ፣ ዜናውን መስማት ሲያቅተኝ ሞርሳው ጋ እቆማለሁ። እጄ ላይ ያለው ዕቃ ጠመንጃ መሆኑን ያኔ ነው በደንብ ያሰብኩት። እዚያ ሰው የሚሞትበት፣ እዚህ እኔ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት የማለሰልሰው። ሁለት ሳምንት በጨርቅ ሸፍኜ ተውኩት። ከዚያ ደግሞ ምንም ሳልሠራ መጠበቁ ባሰብኝ።

ያኔ የደረስኩት አፈሙዙን ማዛግ ላይ ነበር። አዎ፣ ማዛግ። የዚህ ጠመንጃ ቡናማ ቀለም የተገራ ዝገት ነው። ብረቱን ከቅባት አጽድታችሁ የሚያዝግ ፈሳሽ ትቀቡታላችሁ፣ እርጥበት ያለበት ቦታ ታሳድሩታላችሁ፤ እኔ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ ከፍቼ ነበር የምሰቅለው። ጠዋት ቀይ አቧራ ለብሶ ታገኙታላችሁ። በሻካራ ጨርቅ ትፈትጉትና እንደገና ትቀቡታላችሁ። በየቀኑ ዝገቱ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ከቀይ ወደ ቡና እየጠቆረ ይሄዳል። ሲበቃው በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ታቆሙታላችሁ፣ ዘይት ትቀቡታላችሁ። እኔ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በየጠዋቱ መጀመሪያ ስልክ እሞክራለሁ፣ ቀጥሎ ዝገቱን አያለሁ።

የስድስተኛው ቀን ዕለት ስልኩ ጠራ። አባቴ ናቸው ያነሱት። “ደህና ነን፣ ደህና ነን” አሉ፤ ከዚያ በላይ አላሉም። ወሬውን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ከሳምንት በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አንድ ሌሊት ታጣቂዎች መጥተው ጠመንጃ አለው የተባለ ቤት ሁሉ ገብተዋል። ምንሽሩን የገዛን ጎረቤታችንን ከነጠመንጃው ወሰዱት። እሱ ከርሞ ተመለሰ፤ ጠመንጃው አልተመለሰም። የኛን በር አላንኳኩም፤ አባቴ እንደሸጡት አገር ያውቃል። “ያ ላፕቶፕህ ነው ያተረፈን” አለች እናቴ። ከኋላዋ የአባቴ ድምፅ ተሰማኝ፦ “እንደ ባዶ ቤት አልፈውን ሄዱ።”

ሁለቱም ስለ አንድ ሌሊት ነው የሚያወሩት። ለየትኛው መልስ እንደምሰጥ አላወቅኩም፤ ስለ ዝናቡ ጠየቅኳቸው።

እንጨቱን የጨረስኩት በጥቅምት ነው። ብረት የሟሟበት አሲድ ቀብታችሁ በሙቀት ስታልፉበት፣ አረንጓዴ የነበረው ፈሳሽ ዓይናችሁ እያየ ቀይ ቡኒ ይሆናል፤ ከሥሩ በእንጨቱ ውስጥ ተኝተው የነበሩ የነብር መስመሮች ይነሳሉ። ለዚህች አንዲት ደቂቃ ብላችሁ ብትሠሩት ራሱ አይቆጫችሁም። በላዩ የተልባ ዘይት ነው፣ በጣት፣ ስስ ስስ አድርጎ። ቤቱ ለሳምንት ተልባ ተልባ ሸተተኝ፤ ጾም የገባ ይመስል።

ተኩሼበታለሁ፣ ማነጣጠሪያ ሜዳ ላይ፣ ባልደረባዬ አጠገቤ ቆሞ። ባሩዱን በመስፈሪያ፣ ከዚያ ቅባት የነካው ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ክቡ እርሳስ፣ በዘንግ እስከ ታች። የመጀመሪያው ገንዳው ላይ ብቻ ነደደና ዝም አለ። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ አጸዳናት። ሁለተኛው ሄደ። ነጭ ጭስ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ፣ ሃምሳ ያርድ ላይ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ቀዳዳ። አደን ገና አልሄድኩም፤ እሄድ እንደሆነም እንጃ።

ቪዲዮውን ለማሳየት ብዙ ወር ጠበቅኩ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ አባቴ ባሕር ዳር እህቴ ቤት ለሕክምና መጥተው ነበርና በሷ ስልክ አዩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙት።

“ስንት ጊዜ ይፈጃል ድጋሚ ለማጉረስ?”

“እኔ እስከ ሁለት ደቂቃ፣ አባባ።”

“እህ።” ዝም አሉ። “ሰደፉ ትከሻህን አልመታህም?”

“ብዙም አይደለም።”

“የአባቴ ይመታ ነበር። ሰደፉ ሥር የተሰነጠቀ ነው፣ በጠፍር ያሰሩት እሳቸው ናቸው። እርጥብ ጠፍር ነው፣ ሲደርቅ አጥብቆ ይይዛል። አንተ ትንሽ ሆነህ ጠፍሩን ትነክሰው ነበር፣ ጥርስ ስታወጣ…”

መስመሩ ተቆረጠ። መልሼ ደወልኩ።