አማካዩ የጣለው

እጣን ሲጨስ ጢሱ መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጥቂት ከፍ ሲል ይጠማዘዛል፤ ከዚያ ተበጣጥሶ ሽክርክሪት በሽክርክሪት ይሆናል። ጎንደርም ሆነ ስቶክሆልም ቡና የምታፈላ ሴት ይህን ሁልጊዜ ታየዋለች። ኬቲኤች በሚባለው የስቶክሆልም የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያንን መበጣጠስ በኮምፒውተር ለማስላት ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች አሉ። የእነሱ ጢስ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ የሚያልፈው አየር ነው።

አየር የሚፈስባቸው ቀመሮች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃሉ። ያስቸገረው ብዛቱ ነው። ትልቁ ሽክርክሪት ትንሹን ይወልዳል፣ ትንሹም ከእሱ ያነሰውን፤ ፍትጊያ ወደ ሙቀት እስኪለውጠው ድረስ። የኬቲኤች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ የአንድ ክንፍ ቁራጭን ፍሰት አንዱንም ሽክርክሪት ሳይተዉ ለማስላት 3.2 ቢሊዮን ነጥቦች አስፈልገዋቸዋል። የፍሰቱ ሬይኖልድስ ቁጥር 400,000 ነበር፤ የትልቅ መንገደኛ አውሮፕላን ክንፍ ግን በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ይህ ቁጥር መቶ እጥፍ ሲያድግ ነጥቦቹ በተለመደው ግምት 30,000 እጥፍ ያህል ይበዛሉ።

ስለዚህ መሐንዲሱ አማካይ ይወስዳል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1895 ባቀረበው ዘዴ ፍጥነት ለሁለት ይከፈላል፦ አማካዩና መዋዠቁ። መዋዠቁን እንተወው ተብሎ አማካይ ሲወሰድ ግን የተጣሉት መዋዠቆች እርስ በርስ ተባዝተው፣ አዲስ ያልታወቀ መጠን ሆነው፣ ቀመሩ ውስጥ ተመልሰው ይገባሉ። ለዚያ መጠን ግምት የሚሰጠው ሰው ነው። ስቴፋን ቫሊንና አርኔ ዮሃንሶን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት፣ ለዝግተኛውም አየሩ ለሚታመቅበት ፈጣን ፍሰትም የታሰበ ሞዴል እዚሁ ስቶክሆልም የተሠራ አንድ ግምት ነው። እንዲህ ያሉ ግምቶች በብዛት የሚስቱት አየሩ ከክንፉ ሲላቀቅ፣ ማለትም ክንፉ መሸከም ሲያቅተው ነው። በጣም በሚያስፈልጉበት ሰዓት ማለት ነው።

የኬቲኤች ሱፐርኮምፒውተሮች የጸሐፊ ስም ይዘው ኖረዋል፦ ሊንድግሬን በአስትሪድ ሊንድግሬን፣ ቤስኮቭ በኤልሳ ቤስኮቭ። አጋጣሚው ፈገግ ያሰኛል፤ ግን ሥነ ጽሑፍን የሚያጠናም ሰው ሥራው አማካይ መውሰድ ነው። «የስልሳዎቹ ትውልድ» ይላል፤ «የስደት ሥነ ጽሑፍ» ይላል። ያለዚህ መናገር አይቻልም፤ ሁሉን ሰው ነጥብ በነጥብ የሚቆጥር ማሽን የለም። ልዩነቱ መሐንዲሱ የጣለውን ነገር በምልክት ቀመሩ ውስጥ ጽፎ ማስቀመጡ፣ ግምቱ የት እንደሚስትም መናገሩ ነው። ሃያሲው ይህን እምብዛም አያደርገውም፤ አማካዩን ጽፎ ሰዎቹ እነዚህ ናቸው ይላል።

ከዚያ ትውልድ ስቶክሆልም ቀርተው ያረጁ አሉ። ቡና ተፈልቶ፣ እጣን ጨሶ ስለ ትውልዳቸው ወሬ ሲነሳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ፤ ተናጋሪው ሲጨርስ ግን «እኔ ግን…» ብለው ይጀምራሉ። ያኔ ዝም ብሎ መስማት ያስፈልጋል።