ገብስና ሜፕል

ብዙ ዓመት የኖርኩት ሻንጣ በመጠበቅ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው እንዳለ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ኪሎ ቦታ ይኖረዋል?» ብዬ ነበር። እማዬ ደብረ ብርሃን ቆሎዬን ታሰናዳለች፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ትቀበላታለች፤ የማላውቀው መንገደኛ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣው ጥግ ሸጉጦ ያመጣልኛል። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ፌስታሉን ታቅፌ እመለሳለሁ።

ያን ቆሎ ለሰው አላቀርበውም ነበር። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አኑሬው፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብቻዬን ቡና ሳፈላ አንድ ጭብጥ አወጣለታለሁ። እንግዳ ከመጣ ብስኩት ነው የሚቀርብለት። ስስት አልነበረም፤ ናፍቆት ነው። ፌስታሉ በጎደለ ቁጥር እማዬ የምትርቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ክፉው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ሐምሌና ነሐሴን አገር ቤት የከረመው ሰው እስከ መስከረም ተጠቃልሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ገናና ጥምቀት ድረስ መንገደኛ የለም። መስከረም ላይ የደረሰኝ ቆሎ ጥቅምት ሳያልቅ ያልቃል። እማዬ ዘንድ ያኔ መፀው ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው አብቦ፣ ገብሱም ለአጨዳ እየደረሰ። እዚህ ደግሞ ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በየሱቁ ደጅ ዱባ ይቆለላል፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሥራ የምወጣው በጨለማ ነው። በዚህ ወቅት ቡና ባፈላም ያለ ቁርስ ነበር፤ ያለ ቁርስ ደግሞ ሰው ቡና ጠጡ ተብሎ አይጠራም። እናም ማንንም አልጠራሁም።

ነገሩ የተለወጠው እማዬን ትከሻዋን ሲያማት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ የሚገኝ ብርዳም አገር ነው፤ የአካባቢው ጌታ ገብስ ነው። ለቆሎ የሚመረጠው ሰነፍ ገብስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቅርፊቱ ቶሎ ይለቃልና። ቶሎ ይለቃል ሲባል ግን እንዲያው አይደለም፤ ርሶ፣ ሙቀጫ ውስጥ ተሸክሽኮ፣ በሰፌድ ተበጥሮ፣ እንደገና ተለቅሞ ነው ምጣድ ላይ የሚወጣው። ይህን ሁሉ እሷ ብቻዋን ስትሠራው ኖራለች፤ እኔ የማየው ግን ፌስታሉን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በስልክ «ልጄ፣ ዘነዘናው ከበደኝ» አለችኝ። ሰው ቅጠሪና ይሸክሽክልሽ፣ ገንዘቡን እልካለሁ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ያለሽበት አገር ገብስ አይበቅልም እንዴ?» አለችኝ።

በጣም ከፋኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም፤ መልሱን አውቀዋለሁና። ገብስ በየሱፐርማርኬቱ አለ። ምስርና አተር ከተደረደረበት ጎን፣ የሾርባ እህል ተብሎ፣ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። አንድም ቀን እማዬ ከምትልክልኝ ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

ገዛሁት። ሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ እስኪነጣ ድረስ የተፈተገ፣ ሌላው ቅርፊቱ ብቻ ተነሥቶለት ቡናማነቱ ያልለቀቀው። ለቆሎ ቡናማውን እመርጣለሁ፤ ፍሬው ሙሉ ስለሆነ ጣዕሙ ይጠልቃል። ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት ውኃው ተንጠፍጥፎ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ላዩ እስኪደርቅ ይሰጣል። ከዚያ ከባድ የብረት መጥበሻ ላይ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ እጅ ሳያርፍ እየታመሰ ይቆላል። አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ መስኮት ክፈቱ፣ የምድጃውንም ማራገቢያ አስቀድማችሁ አብሩ፤ ጣሪያው ላይ ያለው የጢስ ማስጠንቀቂያ ቆሎን ከእሳት ቃጠሎ አይለይም። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምርና ያ የማውቀው ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ እማዬ ዘንድ ስልክ ደውዬ መጥበሻውን አሰማኋት። «እሳቱን ቀንሺው» አለችኝ፤ በድምፁ ብቻ አውቃ።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ተወልደው ያደጉ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከስኳርና ከጨው ጋር የተጋገረ ቅይጥ በማሰሮ እየሞሉ ለጎረቤት ያድላሉ። በፈረንጆች ዘንድ ነገሩ የቆየ ነው። ቼክስ የሚባለው ባለ አራት ማዕዘን የእህል ቁርስ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ቅይጥ የሚሠራበት መንገድ ተስፋፋ፤ እሱም በቅቤና በቅመም ሶስ የታሸ፣ ጨዋማ ነበር። ጎረቤቴ የሚሠሩት ጣፋጭና ጨዋማውን ነው፤ ቼክስ፣ ፕሬትዝል የሚባለው ጨዋማ ደረቅ ብስኩት፣ አገራቸው ጆርጂያ በብዛት የምታመርተው ፒካን የሚባል የዛፍ ፍሬ፣ ቡናማ ስኳር፣ ቅቤና ጨው። እኔ ማሰሮውን አመስግኜ እቀበልና ለሥራ ባልደረቦቼ እወስደው ነበር። ስኳርና ጨው በአንድ ጉርሻ ላይ መገናኘታቸው የሌላ ሰው አፍ የለመደው ነገር መስሎኝ።

የራሴን ቆሎ ቆልቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሳቸው ይዤ በወጣሁ ቀን ግን ማሰሯቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከሁለቱም በአንድ እጄ ዘግኜ በላሁ። የታወሰኝ ዳቦ ቆሎ ነው። ዱቄቱ በበርበሬ፣ በስኳርና በጨው ተለውሶ አይደል የሚጠበሰው? ፈንዲሻስ ስንቱ ቤት ስኳር ይነሰነስበታል? ቡናንም በጨው የሚጠጣ አገር አለን፤ ቅቤ ጨምሮ የሚጠጣም። ጨው ምሬትን ስለሚያፍን ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል፤ ምላሳችን ይህን ያወቀው ማንም ሳይነግረው ነው። ጠንከር አድርገው የቆሉት ገብስ ትንሽ ምሬት አለው፤ በጨውና በጣፋጭ መካከል ሲገባ ያ ምሬት ራሱ ጣዕም ይሆናል።

ከዚያ ቀን በኋላ ከአገር ቤት የመጣውን የመጨረሻ ፌስታል ዘርግፌ ተመለከትኩት። ገብሱ የእኛው ነው፤ በደጋችን በሺህ የሚቆጠር ዓመት ሲዘራ የኖረ። ሽምብራውም ጥንት ከመካከለኛው ምሥራቅ መጥቶ አገር ለብሷል። ለውዙ ግን የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው። ከቡና ጋር የምናቀርበው ፈንዲሻ በቆሎ ነው፤ በቆሎን መጀመሪያ ያለሙት የሜክሲኮ ገበሬዎች ናቸው። ዱባም ከዚሁ ክፍለ ዓለም ነው የተነሣው፤ የፈረንጅ ሱፍ የምንለውም የሰሜን አሜሪካ አበባ ነው። እህቴ ባሕር አሻግራ የላከችልኝ ፌስታል ውስጥ ግማሹ፣ እኔ የምኖርበት ምድር ዘመድ ነበር። ይህን ሳስበው የተሰማኝን እፎይታ በቃላት ለመግለጽ ይቸግረኛል። እማዬ በስልክ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከሰማሁት በላይ ሰፊ ሆኖ ታየኝ።

አሁን በየመፀው የምሠራው ቅይጥ እንዲህ ነው። ሦስት ኩባያ የገብስ ቆሎ፣ አንድ ኩባያ የሽምብራ ቆሎ፣ አንድ ኩባያ ለውዝ፣ አንድ ኩባያ የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ፣ ሁለት ኩባያ ቼክስ፣ ሁለት ኩባያ ትንንሹ ፕሬትዝል። ቀላል ነው ብሎ ሁሉንም በአንድ ላይ ምድጃ ውስጥ መክተት ግን አይሆንም፤ እማዬ አጥብቃ ያስያዘችኝ ይህንን ነው። ገብስ የሚፈልገው እሳት ሌላ፣ ለውዝ የሚፈልገው ሌላ ነው። ገብሱ እስኪበስል ለውዙ ያራል፤ ለውዙ ሲደርስ ገብሱ ጥርስ ይሰብራል። የዱባ ፍሬ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ተነፍቶ ይንጣጣል፤ ዞር ካሉበት ይከስላል። ስለዚህ እያንዳንዱ በየራሱ እሳት፣ በየራሱ ሰዓት ይቆላል። የሚገናኙት ሁሉም ከደረሱ በኋላ ነው። ጎረቤቴም ይህን ሲያዩ ሥራ በዛ አላሉም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና ማማሰያውን ተቀበሉኝ።

ቅይጡ የሚታሸበት ማሻ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ሲሶ ኩባያ ሜፕል ሽሮፕ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ሚጥሚጣ በጣት ጫፍ እጨምርበታለሁ፤ በርበሬ ቶሎ ስለሚያር ለምድጃ አልወደውም። ለብ አድርጌ አቀልጠውና ቅይጡ ላይ አፍስሼ በደንብ አሸዋለሁ። ከዚያ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግቼ በ250 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ120 ሴንቲግሬድ ግድም፣ አንድ ሰዓት ያህል አቆየዋለሁ፤ በየ15 ደቂቃው አገላብጠዋለሁ። ሲወጣ ለስላሳ መስሎ ከታያችሁ መልሳችሁ አትክተቱት፤ ሽሮፑ የሚጠነክረው ሲበርድ ነው። ክራንቤሪ የሚባለው ቀይ ፍሬ፣ የደረቀው፣ የሚገባውም ያኔ ነው፤ ምድጃ ውስጥ ከገባ እንደ ጠጠር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ማሰሮ ውስጥ ከገባ ደግሞ የራሱ እንፋሎት ያረጥበዋል፤ ቆሎ የሚሞተው በእርጥበት ነው።

ሜፕሉን የመረጥኩት ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። የዛፍ ውኃ ነው፤ የብርዱ ወራት ሊወጣ ሲል ከግንዱ ይቀዳና 40 ሊትር ገደማው ተፈልቶ አንድ ሊትር ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለጾምም ይሆናል። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ የጽጌ ጾም ነው፤ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሆነ፣ በአንዳንዱ ዓመት ከጾሙ ውስጥ ይወድቃል። በዘይትና በሜፕል የተሠራ ቅይጥ ለጾመኛውም ለፍስከኛውም ይቀርባል፤ አንዱን እንግዳ ከሌላው ሳልለይ ማስተናገድ እወዳለሁ። የቼክሱንና የፕሬትዝሉን መጠቅለያ ግን አንብቡ፤ ወተት የገባበት አለ።

ማንበብ ለሌላም ይጠቅማል። እዚህ ለውዝ የማይስማማቸው፣ ሽታው እንኳ የሚያስፈራቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሰሊጥም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ በየምግቡ መጠቅለያ ላይ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው ዘጠኝ አለርጂ አምጪዎች አንዱ ሆኗል። ገብስ ራሱ ግሉተን ስላለው ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው አይበላውም። ለልጄ ጓደኞች ለውዝ የሌለበት፣ የዱባ ፍሬው የበዛ ሌላ ማሰሮ አዘጋጃለሁ፤ በሌላ ትሪ፣ በሌላ ማማሰያ። ከ4 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ጨርሶ አልሰጥም፤ ደረቅ ፍሬ ሊያንቀው ይችላል። እናት ልጇን ቤቴ ስትልክ ሳትሰጋ እንድትልክ እፈልጋለሁ፤ ይህ ከጣዕሙ ይቀድማል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ። ከታችኛው ፎቅ እትዬ የምላቸው የጎንደር ሴት ይመጣሉ፤ የጆርጂያዋ ባልቴት ይመጣሉ፤ ሌሊት ሥራ ያደረች ጓደኛዬ አንዳንዴ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ትመጣለች። እትዬ መጀመሪያ ቀን ክራንቤሪውን እየለቀሙ ወደ ዳር አኖሩት፤ አሁን እሱን ብቻ ለቅመው ይበላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ስኳር የሌለውን የገብስ ቆሎ ለይቼ እንዳስቀምጥላቸው ይጠይቁኛል፤ ሦስተኛው ቡና ድረስ ተቀምጠው ይቆረጥሙታል። እኔ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የማኖረው ነገር የለኝም።

ዘንድሮ ልጄ ማሻውን እኔ ልሥራው ብላለች። ጨውና ሚጥሚጣውን ትታልኝ ሽሮፑን በእጥፍ ልታደርገው ትፈልጋለች። ለአንድ ትሪ እሺ ብያታለሁ፤ ሌላውን እንደ ለመድነው እንሠራዋለን፤ ቅዳሜ የሚመጡት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጨርሱ እናያለን።